መጀመሪያ ዝርዝሩ፣ ከዚያ ጉዞው

(ለቡድን ገንዘብ ያዦች፣ ፀሐፊዎችና ተቆጣጣሪ ኮሚቴዎች በአርባ ምንጭ የቀረበ ንግግር)

ከጨንቻ ብርድ የወረዳችሁ፣ ከምዕራብ ዓባያና ከቦንኬ መኪና ጠብቃችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ ድካማችሁ በከንቱ እንዳይቀር ነገራችንን ለሥራ በሚውል መልኩ ለማቅረብ እንሞክራለን።

ዛሬ የምንነጋገረው የቁጠባና የብድር መዝገባችን ስለሚያድርበት ኮምፒውተር ነው። "የሒሳብ ሠራተኛን ስለ ኮምፒውተር ጥገና ምን አገባት?" የምትል እህት ብትኖር መልሳችን አጭር ነው። ኮምፒውተሩ አልሠራ ባለ ቀን ቀሪ ሒሳብ አይታወቅም። ቀሪ ሒሳብ ካልታወቀ ብድር አይፈቀድም። ብድሩ ደግሞ ለጥጥ፣ ለዘር፣ ለልጅ ትምህርትና ለሕክምና የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ነገሩ ያገባናል።

ባለፈው ዓመት ከቡድኖቻችን በአንዱ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ፕሮግራም ሊጫን ሲሞከር "አንድ ፋይል ጎድሏል" የሚል መልእክት መጣ። የጎደለው ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ መጥቶ ሲጫን ሌላ ጎደለ ተባለ። ያም ሲመጣ ሌላ። ሦስት ጊዜ ወደ ከተማ ተወረደ። በመጨረሻ አንድ ጥገና ቤት "ኮምፒውተሩን እኛ ጋ አሳድሩት፣ ፎርማት እናደርገዋለን" አለ። የሁላችንም ስም፣ የሁላችንም ዕዳ የተጻፈበት ማሽን ነው። ገንዘብ ያዧ አልሰጥም ብላ ይዛው ተመለሰች። ደግ አደረገች። ነገር ግን ብድር ጠያቂዎች ከወር በላይ ጠበቁ።

የዛሬው ንግግራችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ለመጫን የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ጉዞ ሊመጣ ይችላል፤ ከመውረዳችን በፊት ግን ማሽኑን ጠይቀን ዝርዝሩን መጻፍ አለብን።

ለምን ያለ ኢንተርኔት?

"ስልክ እያለ ለምን በስልክ ኢንተርኔት አናገናኘውም?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዳንዴ ያ በቂ ነው። ሦስት ነገሮችን ግን እናስብ።

አንደኛ፣ ኢንተርኔት በፈለግነው ቀን ላይኖር ይችላል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ቆይቷል። የሒሳብ ሰው ይህን ቀን አትረሳውም፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሰባት ቀን ሲቀረው ነበር። ሰኔ 30 ማንንም አይጠብቅም።

ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ በስልክ ሲገናኝ በራሱ ጊዜ ማደሻዎቹን ማውረድ ይጀምራል። ለወር የተገዛው ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ብዙዎቹ ቡድኖቻችን የያዙት በዊንዶውስ 7 የሚሠራ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 አቁሟል። አዲስ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም። የሰው ገንዘብ የተጻፈበትን እንዲህ ያለ ማሽን ከኢንተርኔት ማራቅ ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት መሥራታችን ከእጦት ብቻ የመጣ አይደለም፤ የመረጥነውም ነው።

አንዱ በአንዱ ላይ ሲቆም

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የኮምፒውተር ባለሙያዎች "ዲፔንደንሲ" የሚሉት ነገር አለ። አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም፤ ሌሎች ሰዎች ቀድመው በሠሯቸው ቁርጥራጮች ላይ ይደገፋል። እነዚያ ከሌሉ እሱም የለም።

ይህን ለጋሞ ሴቶች ማስረዳት ቀላል ነው። የዶርዜ ሸማኔ መወርወሪያውን ከመያዙ በፊት ድሩ መወጠር አለበት። ድሩ ከመወጠሩ በፊት ፈትል መኖር አለበት። ፈትሉ ከመኖሩ በፊት ጥጡ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ በሴቶች እጅ መፈተል አለበት። ሸማው ገበያ ሲወጣ የሚወደሰው ሸማኔው ነው፤ ፈታይዋ ያልፈተለችበት ጋቢ ግን የለም። ፕሮግራሙ ሸማኔው ነው። ዲፔንደንሲው ፈትሉ ነው። "ፋይል ጎድሏል" የሚለው መልእክትም ከሸማኔው ቤት የመጣ "ፈትል አልቋል" የሚል መልእክት ነው እንጂ ሸማኔው ሞተ የሚል መርዶ አይደለም።

ሁላችንም የምናውቀው ሌላ ምሳሌም አለ። ድሮ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተደባልቆ የሚታይበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬም ያጋጥማል። ጽሑፉ አልጠፋም። በዚያን ጊዜ አሠራር የአማርኛው መልክ የተቀመጠው በፊደል ፋይሉ፣ ማለትም በፎንቱ ውስጥ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ቁጥሮቹ ብቻ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ የራሱን ቦታ ካገኘ ወዲህ ይህ ችግር እየቀነሰ መጥቷል። ለአሮጌው ፋይል ግን መፍትሔው ያው ነው፤ ፎንቱን ማምጣት። ፎንቱ የዚያ ቃለ ጉባኤ ዲፔንደንሲ ነው።

ማሽኑን መጠየቅ

ወደ ከተማ ከመሄዳችን በፊት አራት ጥያቄዎችን በደብተር ላይ እንመልስ።

የመጀመሪያው፦ ዊንዶውሱ ስንተኛ ነው? 7፣ 8 ወይስ 10? ዊንዶውስ 7 ከሆነ "ሰርቪስ ፓክ 1" የሚል ተጽፎበታል ወይ? የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና "ፖዝ" የሚለውን ቁልፍ አብረን ስንጫን የሚመጣው ገጽ ይነግረናል።

ሁለተኛው፦ 32 ቢት ነው ወይስ 64 ቢት? ያው ገጽ ላይ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ለማውረድ ስንሄድ "ኤክስ 86" እና "ኤክስ 64" የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይቀርባሉ። 86 ከ64 ስለሚበልጥ አዲሱ ይመስላል። አይደለም፤ ኤክስ 86 የሚባለው 32 ቢቱ ነው። በተጨማሪም ማሽኑ 64 ቢት ሆኖ ፕሮግራሙ 32 ቢት ከሆነ፣ ፕሮግራሙ የሚፈልገው የ32 ቢቱን ደጋፊ ነው። ስለዚህ ለ64 ቢት ማሽን ሁለቱንም አውርዶ መምጣት ይሻላል። የፍላሽ ቦታ ከመኪና ኪራይ ይረክሳል።

ሦስተኛው፦ መልእክቱ ቃል በቃል ምን ይላል? "ኤረር አለው" ተብሎ አይጻፍም። በስልክ ፎቶ ይነሳ፤ የፋይሉ ስምና ቁጥሩ በግልጽ ይታይ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ "አሞኛል" ብቻ ማለት እንደማይበቃ ሁሉ፣ የሚረዳን ሰውም ያንን ቁጥር ይፈልጋል።

አራተኛው፦ የፕሮግራሙ አዘጋጅ ምን ያስፈልጋል ብሏል? እያንዳንዱ ደህና ፕሮግራም "የሚያስፈልጉ ነገሮች" የሚል ገጽ አለው። ብዙ ጊዜ የሚዘለል ገጽ ነው። ግማሹ ዝርዝር ግን እዚያ አለ።

የሰንሰለቱ ምሳሌ

ያ ቡድን ሦስት ጊዜ የተመላለሰበትን ነገር አሁን በዝርዝር እንየው፤ በዊንዶውስ 7 ላይ በጣም የተለመደ ስለሆነ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል።

ፕሮግራሙ ሲከፈት ስሙ "ኤፒአይ፣ ኤምኤስ፣ ዊን፣ ሲአርቲ" ብሎ የሚጀምር ፋይል የለም ይላል። ይህ ፋይል "ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ 2015" ከሚባለው የማይክሮሶፍት ጥቅል ጋር ይመጣል። ጥቅሉ ሲመጣ ደግሞ "ኬቢ 2999226" የሚባለው የዊንዶውስ ማደሻ እንዲኖር ይፈልጋል። ማደሻው ሲመጣ ሰርቪስ ፓክ 1 በሌለበት ዊንዶውስ 7 ላይ አልገባም ይላል። ሰርቪስ ፓክ 1 እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ትልቅ ፋይል ነው፤ ለ32 ቢት ከ500 ሜጋባይት በላይ፣ ለ64 ቢት 900 ሜጋባይት ገደማ።

ሰንሰለቱን አያችሁት? የፈለግነው ፕሮግራም ላይኛው ጫፍ ላይ ነው። እኛ የምንወርደው ከላይ ወደ ታች እየጠየቅን ነው፦ "አንተ ምን ትፈልጋለህ? አንተስ?" ከታች ስንደርስ "ምንም" የሚል መልስ እናገኛለን። ዝርዝሩ ያኔ ተሟላ። ስንጭን ደግሞ በተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ ሰርቪስ ፓኩ፣ ቀጥሎ ማደሻው፣ ቀጥሎ ጥቅሉ፣ በመጨረሻ ፕሮግራሙ። ፈትሉ ሳይኖር ድር አይወጠርም። በእያንዳንዱ ደረጃ መሐል ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳትም አይዘለል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የጎደለውን ያንን አንድ ፋይል ብቻ ነጥለው የሚያድሉ ቦታዎች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። አንውሰድ። ከማን እንደመጣ አይታወቅም፤ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ደህና ቢሆን እንኳ አንዱን ቢሞላ ሌላው ይጎድላል። ሙሉው ጥቅል ከባለቤቱ ይወሰድ።

እቤት ያለውን ፍለጋ ገበያ አንውጣ

ዊንዶውስ 10 ያላቸው ቡድኖች ሌላ ነገር ያጋጥማቸዋል። ቆየት ያሉ የሒሳብ ፕሮግራሞች "ዶት ኔት 3.5" ይፈልጋሉ። ዊንዶውስ 10 "ከኢንተርኔት ላውርደው?" ብሎ ይጠይቃል፤ ኢንተርኔት ከሌለ አልተቻለም ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኮምፒውተሩን ይሸከማል። ነገር ግን የሚፈለገው ነገር ዊንዶውሱ በተጫነበት ዲስክ ወይም ፍላሽ ውስጥ አለ፤ "ሶርስስ" በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ "ኤስኤክስኤስ" በሚባለው ሥር። ዲስኩን አስገብቶ "ዲስም" በሚባለው ትዕዛዝ ከዚያ ፎልደር ውሰድ ማለት ይበቃል። ዲስኩ ማሽኑ ላይ ካለው ዊንዶውስ እትም ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የትዕዛዙን አጻጻፍ ለየቡድኑ ፀሐፊ በወረቀት አዘጋጅተናል፤ ሲወጡ ይውሰዱ። ኮምፒውተር ስንገዛ የዊንዶውሱን ዲስክ አብረን ለመቀበል የምንከራከረውም ለዚህ ነው።

ፒችትሪን በኮሌጅ የተማርን ደግሞ ሌላ ዓይነት ዲፔንደንሲ እናውቃለን። ፒችትሪ መዝገቡን የሚያስቀምጥለት "ፐርቫሲቭ" የሚባል ሞተር አብሮት ይጫናል። አንዳንድ ጊዜ ፋይሉ ሁሉ ተሟልቶ እያለ ፕሮግራሙ አይከፈትም፤ ሞተሩ ስላልተነሳ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚመጣ ነገር የለም። "ሰርቪስስ" የሚለውን ገጽ ከፍቶ ሞተሩን ማስነሳት ነው። የጎደለን ፋይልና ያልተነሳን ሞተር መለየት አንድ ጉዞ ያድናል።

ኢንተርኔት ቤት ስንደርስ

ሲቀላም ሆነ ሴቻ ባለ ኢንተርኔት ቤት ስንቀመጥ የሚያታልል ነገር አለ። ብዙ ፕሮግራም በሁለት ዓይነት ይቀርባል። አንዱ ትንሽ ነው፤ ሲከፈት ቀሪውን ከኢንተርኔት የሚጠራ መልእክተኛ ብቻ ነው። ሌላው "ኦፍላይን" የሚባለው ሙሉው ነው። ለምሳሌ የዶት ኔት 4.8 መልእክተኛ ከ2 ሜጋባይት አይበልጥም፤ ሙሉው ግን ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ቶሎ የወረደ ፋይል ሁሌም ደስ አያሰኝ። መጠኑን አይተን እንመን።

ከዚያ ሦስት ቼኮች አሉ። የወረደው ፋይል መንገድ ላይ ተቆርጦ እንደሆነ ለማወቅ አዘጋጁ ብዙ ጊዜ "ሻ 256" የሚባል ረጅም መለያ ያወጣል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው "ሰርትዩቲል" የተባለ ትዕዛዝ የእኛን ፋይል መለያ ያሰላል። ሁለቱ ከተመሳሰሉ ፋይሉ እንዳለ ደርሷል። እኛ ሒሳብ ሠራተኞች ይህን ከባንክ ማስታረቂያ ለይተን አናየውም፤ የእነሱ ደብተርና የእኛ ደብተር ሲገናኝ ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ ፍላሾች ፋት 32 በሚባል አሠራር ይመጣሉ፤ ይህ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። "ቦታ እያለ አልቀዳም አለ" ካላችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ፍላሹ ሲመለስ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ፎልደሮችን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ያላየች እዚህ የለችም። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚወጣው ፍላሽና የመዝገባችን ቅጂ የሚቀመጥበት ፍላሽ ፈጽሞ አንድ አይሁኑ። ዊንዶውስ 10 ያላችሁ፣ የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ ማደሻ እንደ ሙሉ ፋይል አውርዳችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል።

ልጆቻችሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኡቡንቱ ሲጠቀሙ አይታችሁ ይሆናል። በዚያ ዓለም እያንዳንዱ ጥቅል የሚፈልጋቸውን ሌሎች ጥቅሎች ስም በራሱ ላይ ጽፎ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዴቢያን ያወጣው "አፕት" የተባለ መሣሪያ ያንን እያነበበ ሰንሰለቱን ራሱ ይፈታል። ኢንተርኔት በሌለበትም "ሲናፕቲክ" የሚባለው ፕሮግራም የጎደለውን ሁሉ ዝርዝር በአንድ ፋይል ያወጣል፤ ያንን ይዞ ሌላ ማሽን ላይ ማውረድ ነው። እኛ በእጃችን በደብተር የምንሠራውን እሱ በማሽን ይሠራዋል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፦ መጀመሪያ ዝርዝሩ፣ ከዚያ ጉዞው።

ከመንካት በፊት

ሁለት ነገር ሳይደረግ ማንም ምንም አይጫን። አንደኛ፣ መዝገቡ በሁለት ቦታ ይቀዳ፤ አንዱ በገንዘብ ያዥ፣ አንዱ በተቆጣጣሪ ኮሚቴ እጅ ይሁን። የዚያን ቀን ቀሪ ሒሳብም በወረቀት ታትሞ ይፈረምበት። ከተጫነ በኋላ ያው ቀሪ ሒሳብ መውጣቱ ይታያል፤ ካልወጣ ሥራው አላለቀም።

ሁለተኛ፣ የኮምፒውተሩ ቀን ይታይ። ኢንተርኔት የሌለው ማሽን ሰዓቱን የሚያርምለት የለም። ውስጡ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ፣ "ሲ አር 2032" የምትባለው፣ ስታልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ደህናው ፋይል "ፊርማው ትክክል አይደለም" ይባላል። ከዚያ የሚብሰው፣ የዛሬ ብድር በድሮ ቀን ይመዘገባል። ባትሪዋን መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ምን እንወስን?

ለዛሬው ስብሰባ አራት ሐሳብ እናቀርባለን። አንድ፣ ለቡድኖች ሁሉ የሚያገለግል አንድ የጋራ ፍላሽ ይገዛ፤ ዛሬ የጠቀስናቸው ሙሉ ፋይሎች፣ የ32ም የ64ም ቢት፣ ከመለያቸው ጋር ይቀመጡበት። አንድ ጊዜ የወረደ ለሁሉም ይበቃል። ሁለት፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ደብተር ይኑረው፤ ምን ተጫነበት፣ መቼ፣ በማን፣ በምን ቅደም ተከተል የሚል ይጻፍበት። ሦስት፣ ከየቡድኑ ሁለት ሴቶች ይሠልጥኑ፤ አንዷ ስትታመም ወይም ስትወልድ ሥራው እንዳይቆም። አራት፣ ባለሙያ ሲያስፈልግ ይጠራ፣ ዋጋውም በአግባቡ ይከፈለው፤ ነገር ግን እኛ ባለንበት፣ በቢሯችን ይሥራ። መዝገብ ያለበት ማሽን የሰው ቤት አያድርም።

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በክረምት፣ በጭጋግ፣ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ለአንድ ፋይል መመላለስ ምን እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። የቡድናችን ገንዘብ በሳምንታዊ መዋጮ፣ በእንሰት፣ በሙዝና በፈትል የተሰበሰበ ነው። የትራንስፖርቱ ብር ከዚያው ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ማሽኑን መጠየቅ ግን ምንም አያስወጣም።

የትዕዛዞቹን ወረቀትና የአራቱን ጥያቄዎች ቅጽ በር ላይ ከፀሐፊዋ ትወስዳላችሁ። ቅጹን ቢሯችሁ ስትደርሱ ሞልታችሁ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ፤ የጋራ ፍላሹን የምንሞላው በእናንተ ዝርዝር ነው።